ያልተፈታ ኪስ

ከመገናኛ ወደ አያት በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት እናት ነጠላቸው ናፍታሌን ናፍታሌን ይል ነበር። ከሳጥን የወጣ መሆኑ ያስታውቃል፤ እጥፋቱ ገና አልጠፋም፣ ትከሻቸው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሠርቶ ይታያል። ልቅሶ ሊደርሱ ይሁን ቤተ ክርስቲያን ሊስሙ አላውቅም። ሽታው ግን ይዞኝ ሄደ። ረዳቱ ‹‹ሒሳብ›› እያለ ትከሻዬን ሲነካኝ እኔ ያለሁት ካዛንቺስ፣ እማማ ግቢ ውስጥ፣ የመስቀል ሰሞን ፀሐይ ላይ ነበር።

እማማ የምንላት አያቴን ነው። ሳጥኗ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፈታል፤ ክረምቱ ወጥቶ፣ መስቀል አልፎ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ጠዋት። ከመቀነቷ ጫፍ የቋጠረችውን ቁልፍ ፈትታ፣ ከአልጋዋ ሥር ሳጥኑን እየጎተተች ታወጣዋለች። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ ሳጥን ነው፤ ጠርዝ ጠርዙን ዝገት በልቶታል። ክዳኑ ሲነሳ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፤ ዓይን ያቃጥላል። እኛ ልጆቹ አፍንጫችንን ይዘን እየሳቅን ወደ ውጭ እንሮጥና ወዲያው ተመልሰን እንመጣለን፤ የሚወጣውን ማየት አለብንና።

ከላይ የእማማ ጥልፍ ቀሚስና ኩታ አለ። ከሥሩ የቤት ኪራይ ደረሰኞች፣ የዕድር ደብተር፣ የኅብረት ሱቅ ካርድ፣ ሁሉም በላስቲክ ታስረው። ከሁሉም በታች በነጭ አቡጀዲ የተሸፈነው የአጎቴ ሙሉ ልብስ ነው። እሱን ማንም አይነካውም። እማማ ራሷ በሁለት እጇ አንሥታ ግቢው ውስጥ ካለው ገመድ ላይ ትሰቅለዋለች። ብል እንዳልገባበት ስፌቱን ተከትላ በጣቷ እየዳበሰች ታየዋለች፤ ኮሌታውን ትገለብጣለች፣ ገበሩን ትመረምራለች። ፀሐዩ ሲያዘቀዝቅ አጥፋ፣ በእጥፋቶቹ መካከል አዲስ ናፍታሌን አድርጋ፣ ቆልፋ ቁልፉን ወደ መቀነቷ ትመልሰዋለች።

ልብሱ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ኮሌታው ሰፊ፣ ሱሪው ከጉልበት በታች እየሰፋ የሚወርድ። ልብስ ሰፊው እንደ ልማዱ የኮቱን የጎን ኪሶች በነጭ ክር ወስውሶ ዘግቷቸዋል። ያንን ክር ቆርጦ ኪሱን የሚፈታው ባለቤቱ ነው። አጎቴ ልብሱን የለበሰው ለአንድ ፋሲካ ብቻ ነበርና ኪሱን አልፈታውም። ነጩ ክር ዓመት በመጣ ቁጥር እዚያው ቦታው ላይ ነበር።

አጎቴ የእማማ የመጨረሻ ልጅ ነው። 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ማተሚያ ቤት ተቀጠረ። ከደመወዙ እያጠራቀመ ጨርቁን ከመርካቶ ገዛ፤ የሠፈራችን ልብስ ሰፊ ሰፋለት። እኔ የማስታውሰው ጥቂት ነው። በጥምቀት ጃን ሜዳ በትከሻው ተሸክሞኝ ታቦት ሲያልፍ ማየቴን፣ ከሥራ ሲመጣ ጉንጬን የሚይዘኝ እጁ የቀለም ሽታ እንደነበረው፣ በፉጨት ከሩቅ እንደምንለየው። ሌላው ሁሉ ከሰው የሰማሁት ነው፤ እርሱንም የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆኑ ወንዶችን የሚመለከት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአጎቴም ስም ከሠፈራችን ዝርዝር ውስጥ ገባ። ስሙን በዝርዝሩ ላይ ያሰፈሩት በግድግዳ የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ነበሩ፤ ያኔ ቀበሌው ውስጥ ኃላፊነት ነበራቸው። አጎቴ ከማሰልጠኛ ወጥቶ ወደ ሰሜን ዘመተ። ደብዳቤዎቹን ፈቃድ የመጡ ጓደኞቹ በእጅ ያደርሱልን ነበር። የመጨረሻው የተጻፈው 1980 ዓ.ም. ከገባ በኋላ ነው፤ የሁላችንንም ስም እየጠራ ጤናችንን ይጠይቅና መጨረሻ ላይ ልብሱን ፀሐይ እንድታሳይለት እናቱን ያሳስባል። በዚያው ዓመት መጋቢት፣ በዚያው በሰሜን፣ አፋቤት ላይ የነበረው የሠራዊቱ ናደው ዕዝ ተደመሰሰ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ አልመጣም። መርዶም አልመጣም።

መርዶ ያልመጣለት ሰው አይለቀስለትም። ሞት በእኛ ዘንድ ሥርዓት አለው። መርዶው ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ጥቁር ይለበሳል፤ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ዘመድ መክሮና ለምኖ ያስወልቃል። የሟች ልብስ ለነፍሱ ተብሎ ለተቸገረ ይሰጣል። አባቶቻችን ሐዘን ቤት ውስጥ ተቀምጦ እንዳይቀር መውጫ በር አበጅተውለታል። የእማማ ሐዘን ግን ከበሩ አልደረሰም። ልጇ ሞቷል ያላት የለም፤ አለ ያላትም የለም። ስለዚህ ጥቁር አልለበሰችም፣ ነጭም ደስ ብሏት አልለበሰችም።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥና ሠራዊቱ ሲበተን፣ ወታደሮች በእግራቸው ወደየቤታቸው ሲመለሱ፣ በሱዳን ዞረው የመጡም ሲሰሙ፣ የእማማ ተስፋ እንደ አዲስ ተቀሰቀሰ። ማልዳ ዳቦ ትጋግርና በመሶብ ወርቅ ይዛ ዋናው መንገድ ዳር ትቆማለች። እግራቸው የቆሰለ፣ ፀጉራቸው የተንጨባረረ ልጆች ሲያልፉ ቆርሳ ትሰጣለች። ሲበሉ ፊታቸውን ታያለች። ‹‹የኔ ልጅ፣ የት ክፍል ነበርክ?›› ትላለች። ከዚያ የልጇን ስም ከነአባቱ ትናገራለች። አንዳንዱ አንገቱን ይነቀንቃል። አንዳንዱ እንዳያሳዝናት ‹‹ከኋላ እየመጡ ነው፣ እማማ›› ይላታል። ያ መልካም ያሰበ መልስ ሳጥኑን ለብዙ ዓመት ቆልፎት ኖረ።

እማማ ልትሞት ስትል ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ ለእናቴ ሰጠቻት። ‹‹ሲመጣ የሚለብሰው እንዳያጣ›› አለቻት። እናቴም ተቀብላ በመቀነቷ ቋጠረችው። ከዚያ በኋላ ልብሱ አደራ ሆነ። አደራ ደግሞ ከልብስ ይከብዳል። ስለዚህ መስቀል ባለፈ ቁጥር ሳጥኑ ይከፈታል፣ ልብሱ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ናፍታሌኑ ይለወጣል። እናቴ የወረሰችው ቁልፉን ብቻ አልነበረም። ስሙን ከጻፉት ጎረቤታችን ጋር የነበረውን ኩርፊያም ወረሰች። የሰውየው ሚስት የሞቱ ጊዜ እማማ የዕድሯን እንጀራ በሰው እጅ ላከች እንጂ ድንኳኑ ውስጥ አልገባችም ነበር። እናቴም በአንድ ዕድር፣ በአንድ ውኃ ቧንቧ፣ በአንድ የግቢ መግቢያ እየኖረች ለእኒያ ሰው ጤና ይስጥልኝ ብላ አታውቅም።

አንድ የማይነካ ነገር ያለበት ቤት ውስጥ ሌላውም ሁሉ ቀስ በቀስ የማይነካ ይሆናል። ካዛንቺስ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሠራበት ሠፈር ነው። እኛ የነበርንበት ግን ከእነዚያ ቤቶች ጀርባ፣ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው የቀበሌ ቤቶች የተጠጋጉበት ነበር። ቤታችን ሁለት ክፍልና አንድ ጓዳ ነው። ጓዳው ውስጥ ወገቡ የተሰነጠቀ ጋን፣ ጠላ መጥመቅ ካቆምን በኋላም የቀሩ እንስራዎች፣ የእርዳታ ዘይት የመጣባቸው ጣሳዎች፣ ሽሮና በርበሬ የሚቀመጥባቸው የኒዶ ቆርቆሮዎች፣ ላምባ ይቀዳባቸው የነበሩ የቢራ ጠርሙሶች፣ ክዳን የሌላቸው ጀሪካኖች አሉ። ሳሎን ቡፌው ውስጥ ለእንግዳ ተብለው ማንም እንግዳ ያልጠጣባቸው ብርጭቆዎች፣ አበባ የተሳለበት የቻይና ፔርሙስ፣ ጆሯቸው የተሰበረ ስኒዎች ተደርድረዋል። ከቁም ሳጥኑ በላይ ሻንጣ፣ ከሻንጣው በላይ ካርቶን፣ ከካርቶኑ በላይ ጣሪያው።

እማማንም እናቴንም ስስታም የሚላቸው ሰው ቢኖር አልቀበልም። ያ ሁሉ ዕቃ ምክንያት ነበረው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ማን የት እንደሚኖር የሚመሰክረው ወረቀት ሆነ። እማማ ፊደል ባትቆጥርም የኪራይ ደረሰኝ በእጇ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ አሳምራ ታውቅ ነበር። ስኳርና ሳሙና በካርድ ሲከፋፈል፣ ሰልፍ የሚያዘው ከሌሊት ጀምሮ ነው፤ የዛሬን ቁራሽ ሳሙና ለነገ ማስቀመጥ ብልኃት ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ዘመዶቻችን ከወሎ ተሰደው ሲመጡ፣ በእማማ ጓዳ የተጠራቀመው ጣሳ ሁሉ ውኃ መጠጫ፣ ንፍሮ መያዣ ሆኖ አገልግሏል። ‹‹ለክፉ ቀን›› የሚለው ቃል ለእነሱ ትውልድ በዓይን የታየ ነገር ነው። ክፉ ቀን መጥቶ ያውቃልና ሲመለስ ባዶ እጃቸውን እንዲያገኛቸው አልፈለጉም።

የቸገረው፣ ዕቃው የተያዘበት ምክንያት ካለፈ በኋላ ዕቃው መቅረቱ ነው። ሳሙና በየሱቁ ሞልቶ የሳሙና ቁራሽ ይጠራቀማል። የውኃ ቧንቧ ግቢያችን ገብቶም ማድጋው ጥግ ይዟል። መብራት ከገባ ቆይቶ ኩራዙ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። እናቴ አርጅታ በዕቃው መካከል ጎኗን ሰብስባ ነበር የምትራመደው። አንድ ቀን ማታ ጓዳ ገብታ ተደነቃቀፈችና እጇ ተቀጠቀጠ። ጎረቤት ተሰብስቦ ‹‹ይህን ነገር አውጪው›› ሲላት ‹‹የኔ አይደለም፣ የእናቴ ነው›› አለች። በራሷ ቤት የሌላ ሰው ዕቃ ጠባቂ ሆና ኖራለች።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሠፈሩ ለመልሶ ማልማት እንደሚነሣ ተነገረን። ተነሺው በየአቅጣጫው ተመደበ፤ ገላን ጉራ የደረሰው አለ፣ ኮንዶሚኒየም የደረሰው አለ። የእናቴ ድርሻ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ሆነ። ጓዳ የለውም። ስፋቱን ከመለካታችን በፊት ዓይናችን ነገረን፤ የካዛንቺሱ ዕቃ ግማሹ እንኳ አይገባም። ያን ሳምንት ሠፈሩ በሙሉ ዕቃውን ወደ ውጭ አውጥቶ ነበር። ከየቤቱ ፊት ለፊት አልጋ፣ ምድጃ፣ የሠርግ ፎቶግራፍ፣ ምጣድ። የሰው ኑሮ ሁሉ ጎዳና ላይ ሲታይ ምን ያህል ተመሳሳይ እንደሆነ ያኔ አየሁ።

ቆራሌው በቀን ብዙ ጊዜ ይመላለስ ነበር። ‹‹ቆራሌው!›› የሚለው ጥሪ በልጅነታችን ደስ ይለን ነበር፤ ጠርሙስና ቆርቆሮ ሸጠን ከረሜላ እንገዛለን። ልዋጮቹም መጡ፤ አሮጌ ልብስና ጫማ ወስደው የፕላስቲክ ሳህንና ብርጭቆ የሚሰጡት። እናቴ ጣሳዎቹን ለቆራሌው ስትሰጥ አንድ በአንድ እየደባበሰች ነበር። ልጁ ታጋሽ ነው። ‹‹እማማ፣ ይሄ እኮ አይጣልም፤ ምናለሽ ተራ ነው የሚሄደው፤ እዚያ ሌላ ነገር ይሆናል›› አላት። እውነቱን ነው። መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የገባ ሰው ያውቀዋል፤ በርሜሉ ምድጃና በር፣ ጎማው በረባሶና ገመድ፣ ቆርቆሮው ማንቆርቆሪያና ኩራዝ ሆኖ ይወጣል። መዶሻው ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ ፈታ አለ። ዕቃው ሥራ ሊያገኝ ነው። ከዚያ በኋላ ጣሳውን የምታቀብለው በራሷ እጅ ሆነ።

ሌላው የተከመረ ነገር ከዱባይ የመጣው ነው። እህቴ እዚያ ትሠራለች። በየጊዜው ሰው ስታገኝ ካርቶን ትልካለች፤ ነብርና ጽጌረዳ የተሳለበት ብርድ ልብስ፣ የአልጋ ልብስ፣ ድስት፣ ሽቶ። እናቴ ካርቶኖቹን ሳትከፍት ከቁም ሳጥኑ በላይ ደርድራቸዋለች። ‹‹ስትመጣ ቤት ትይዝበታለች›› ትላለች። እሷ ራሷ ግን ብርዱ ሲጠናባት አሮጌ ጋቢዋን ደርባ ትተኛለች። እህቴን በቪዲዮ ደውዬ ካርቶኖቹን አሳየኋት። አለቀሰች። ‹‹እማ፣ እኔ የላክሁት አንቺ እንድትሞቂበት ነው። እኔ ስመጣ ሌላ እገዛለሁ። ዛሬ ማታ ልበሺው›› አለቻት። እናቴ ያንን ብርድ ልብስ ያን ማታ ለበሰችው። በሕይወት ያለን ሰው ‹‹ለአንተ ያስቀመጥኩት ነው›› ስለሚባለው ነገር ራሱን መጠየቅ እንደሚቻል ከዚያ በፊት ማናችንም አስበነው አናውቅም። ተጠባባቂውና የሚጠበቀው ሳይነጋገሩ፣ አንዱ ለሌላው ሲል ብርድ ይመታዋል።

የቀረው ሳጥኑ ነበር። ሊጠየቅ የማይችል ሰው ሳጥን።

እናቴ የንስሐ አባቷን አስጠራች። ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ እፊታቸው አስቀመጠች። ‹‹የእናቴ አደራ ነው፤ ልጣለው ብል አደራ በላ እባላለሁ፤ ልያዘው ብል አልቻልኩም›› አለቻቸው። ሽማግሌው ቄስ ቶሎ አልመለሱላትም። ሻይ ቀረበላቸው፤ ጠጡ። ከዚያ፣ ‹‹ልጄ፣ አደራ የሚጠበቀው ለባለቤቱ ነው። ባለቤቱን እግዚአብሔር ከጠራው ልብሱ የነፍሱ ነው። እናትሽ አልቅሳ አልጨረሰችም፤ አንቺ ጨርሺላት። አልቅሺና ስጪው›› አሏት። እናቴ መሬቱን እያየች ብዙ ቆየች። ‹‹ሞቷል ማለት ነው፣ አባቴ?›› አለች። ይህን ጥያቄ ጮክ ብላ ስትጠይቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ቄሱም ‹‹እግዚአብሔር ነው የሚያውቅ። ግን በሕይወት ያለ ልጅ እናቱን ይህን ያህል ዘመን አያስጠብቅም›› አሏት።

የዕድሩ ድንኳን ለመጨረሻ ጊዜ በሠፈራችን የተተከለው በዚያ ሳምንት ነው። ሰው ሁሉ ዕቃውን እያሰረ ነበር፤ ግን ጡሩምባ ሲነፋ መጣ። ከ36 ዓመት በፊት ለቀረ ልጅ ተለቀሰ። ሕፃናቱ ለማን እንደሚለቀስ አያውቁም። ትልልቆቹ ያውቃሉ፤ ሴቶቹ በስሙ እየጠሩ፣ ፉጨቱን፣ ቁመናውን፣ ያንን ፋሲካ እያነሡ አለቀሱ። በጊዜው ልጃቸው የቀረባቸው ሌሎች እናቶችም ነበሩ፤ የነሱም ሐዘን በዚያው ድንኳን ወጣ። እናቴ ደረቷን እየመታች ‹‹እናቴ፣ ይኸው አለቀስኩልሽ›› ስትል ሰማኋት። የአጎቴ ፎቶግራፍ በነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል፤ ጥቁር ሰማያዊ ልብሱን ለብሶ፣ እጆቹን ወደ ጎን ለቆ፣ ምክንያቱም ኪሱ ተሰፍቷል።

በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ጎረቤታችን መጡ። አርጅተዋል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ከድንኳኑ መግቢያ አጠገብ ካለው አግዳሚ ጫፍ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ አያቸው፣ ጸጥ አለ። እናቴ ንፍሮ እያዞረች ነበር። ከፊታቸው ስትደርስ እጇ ቆመ፤ ከዚያ ሳህኑን ዝቅ አድርጋ ያዘችላቸው። ሽማግሌው በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ዘገኑ። ‹‹እግዜር ያጽናሽ›› አሉ። ‹‹አሜን›› አለች። ከዚህ በላይ አልተነጋገሩም። ስሙን እንዲጽፉ ማን አስገደዳቸው፣ ሊያስቀሩት ይችሉ ነበር ወይ፣ ያ ሁሉ አልተነሣም። ከሳምንት በኋላ እሳቸው በአንድ አቅጣጫ፣ እኛ በሌላ አቅጣጫ ሄድን። ያን ማታ ባይሆን ኖሮ መቼም አይሆንም ነበር።

ልብሱን የወሰደው በዚያው ግቢ ያደገ፣ በቀን ሥራ እናቱን የሚረዳ፣ ማታ ማታ ኮሌጅ የሚማር ልጅ ነው። ምርቃቱ ደርሶ የሚለብሰው አልነበረውም። እናቴ ጠራችውና ኮቱን ትከሻው ላይ አደረገችለት፤ ልክ ሆነ። ሱሪው ብቻ ሊጠብ ነው፤ ልብስ ሰፊ ያስተካክለዋል። ልጁ እጁን ኪሱ ውስጥ ሊከት ሲል አቃተው። እናቴ መቀሷን አመጣች። መነጽሯን አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ ነጩን ክር በሁለቱም በኩል ቆረጠችው፤ ቁርጥራጩን አንድ በአንድ መዘዘች። ከዚያ አሥር ብር ከመቀነቷ ፈትታ ኪሱ ውስጥ ከተተችለትና ‹‹ባዶ ኪስ አይለበስም፤ በደስታ ልበሰው›› ብላ መረቀችው። ልጁ ጉልበቷን ሳመ።

እውነቱን ለመናገር፣ ልብሱ ከቤት ሲወጣ የአጎቴ ትዝታም አብሮ የሚሄድ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። እናቴ ስለ ወንድሟ ማውራት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ሳጥኑ በነበረበት ዘመን በቤታችን ስለ እርሱ አይወራም ነበር፤ ማውራት እንደ ማልቀስ ይቆጠራል፣ ማልቀስ ደግሞ ተስፋ እንደ መቁረጥ። አሁን ቡና ሲፈላ ታወራለች። በልጅነቱ ከጓዳ ቆሎ ሰርቆ በኪሱ እየያዘ ትምህርት ቤት መሄዱን፣ ማተሚያ ቤት ከተቀጠረ በኋላ የእናቱን ስም በትልልቅ ፊደል አትሞ አምጥቶ ግድግዳ ላይ መለጠፉን፣ እማማ ማንበብ ባትችልም ወረቀቱን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታሳይ እንደነበር። እነዚህን አላውቃቸውም ነበር። ፎቶግራፉ አዲሱ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የልጆቼ ልጆች ሲመጡ ማን እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ይነገራቸዋል።

በአዲሱ ቤት ያስቀረነው ዕቃ ብዙ አይደለም። ያ ፎቶግራፍ፣ የመጨረሻው ደብዳቤ፣ የእማማ ረከቦትና አንድ መሶብ። ቡፌው ተሸጠ፤ የእንግዳ ብርጭቆዎቹ ግን ወጥተው አሁን እናቴ ራሷ ውኃ ትጠጣባቸዋለች። ቤቱ ጠባብ ቢሆንም መራመጃ አለው። መስቀል ሲያልፍ በረንዳዋ ላይ የምታሰጣው በርበሬዋን ነው።

ስለ ዛሬ ኑሯችን ሳስብ፣ የእኛ ክምር ከእማማ የሚብስ ይመስለኛል። የእሷ ከእጦት የመጣ ነው። የእኛ ከትርፍ። ርካሽ ዕቃ በየመንገዱ ይሸጣል፤ እንገዛለን፤ ቤታችን ደግሞ ከእነሱ ቤት ጠቧል። ስልካችን ውስጥ አይተናቸው የማናውቃቸው ፎቶግራፎች አሉ። ልባችን ውስጥ በሠርግ ያልተጠራንበት፣ በውርስ የተበደልንበት፣ በልቅሶ ያልደረሱልን ሰዎች ስም ተጽፎ ተቀምጧል። እማማ ዕቃዋን በዓመት አንድ ጊዜ ፀሐይ ታስመታው ነበር። እኛ ያስቀመጥነውን ከፍተንም አናየው።

በዚያ ሳምንት ካዛንቺስ የተማርኩትን ልናገር። የምናስቀምጠው ነገር ሦስት ዓይነት ነው። ለክፉ ቀን ያስቀመጥነው አለ፤ ያ ቀን አልፎ ከሆነ ዕቃው ዛሬ ክፉ ቀን ላይ ላለ ሰው ይገባል። በሕይወት ላለ ሰው ያስቀመጥነው አለ፤ ደውለን እንጠይቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ ‹‹አንቺ ተጠቀሚበት›› ነው መልሱ። ለማይመጣ ሰው ያስቀመጥነው አለ፤ እርሱ ቶሎ አይጣል፣ በችኮላም አይሰጥ፣ መጀመሪያ ይለቀስበት። ሐዘኑ ሳይወጣ ዕቃውን የሚያወጡ ልጆች አይቻለሁ፤ እናታቸው ባዶው ቦታ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ትኖራለች። ቂምም እንደዚሁ ነው፤ ‹‹ተዪው›› ስለተባለ ብቻ አይተውም፤ ሰው ፊት ወጥቶ፣ ተለቅሶበት፣ ንፍሮ ተዘግኖበት ነው የሚያልፈው።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ በቤትህ የተቆለፈ ሳጥን ካለ ቁልፉን ለልጅህ አታውርሰው። እናትህ ወይም አያትህ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ አጠገባቸው ተቀመጥ፤ ሳጥኑን አብራችሁ ክፈቱ፣ የማን እንደሆነ ጠይቅ፣ የሚነገርህን ጻፍ። ከዚያ የሚሰጠውን በእጃቸው ይስጡ፤ በእጅ የተሰጠ በኑዛዜ ከተሰጠ ይበልጣል፣ ሰጪው ምርቃቱን በጆሮው ይሰማልና። ያኮረፍከው ጎረቤት ካለም ሠፈራችሁ ሳይነሣ፣ ዕድራችሁ ሳይበተን ሂድና ሰላም በለው።